ጥግ የለሾቹ

ወንድም ጋሼ «መመሪያውን አታንብቢ፣ ራስሽን ያዞርሻል፤ እኔ የምልክልሽን መስመር ብቻ ገልብጠሽ ለጥፊ» ሲላት ሚጣ ደስ አላት። መመሪያ ማንበብ ሞቷ ነው። ኬሚስትሪ ተምራ በማዕረግ ተመርቃለች፤ ዕቃ ስትገዛ ግን ወረቀቱን ከነካርቶኑ ጥላ በጣቷ እየነካካች ነው የምትለምደው። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ሚጣ የሚላት የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ብቻ አይደለም። እንደ ሕፃን «አሁን» ከማለት ሌላ የጊዜ ስም ስለማታውቅም ነው።

ኮምፒውተሩ ያለው በአባቷ ፎቶ ቤት፣ ድሮ ጨለማ ክፍል በነበረው ጓዳ ውስጥ ነው። የማጠቢያ ገንዳዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ቀይዋ አምፖል መብራቷን ብታቆምም ከጣሪያው አልወረደችም። ኔጌቲቭ የያዙ የቆርቆሮ ሳጥኖች መደርደሪያዎቹን ሞልተው እስከ ላይ ተደርድረዋል። ከአንዳንዶቹ የኮምጣጤ ሽታ መውጣት ጀምሯል። ሚጣ ሽታው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ፊልሙ ራሱን በራሱ እየበላ ነው። ሥራ እስክታገኝ ድረስ ስካነር ፊት ተቀምጣ የአባቷን የዕድሜ ልክ ሥራ ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጥ የከረመችው ለዚህ ነው።

አንድ ኮምፒውተር ደግሞ አይታመንም። ይቃጠላል፣ ይሰረቃል፣ ውሃ ይፈስበታል። ሌላ ከተማ በኮምፒውተር ሥራ የሚተዳደረው ወንድም ጋሼ «በቤተሰባችን ስም የክላውድ ማከማቻ ተከራይቻለሁ» ብሎ ሲደውል፣ እሷም አባቷም እፎይ አሉ። ይህ ቤት ቢፈርስ እንኳ ፎቶዎቹ ሌላ ቦታ ይኖራሉ። ሥራውም ቀላል ነው አለ፤ በትእዛዝ የሚሠራ አንድ ትንሽ መሣሪያ ትጭኛለሽ፣ መስመር ትጽፊለታለሽ፣ እሱ ይወስደዋል።

በዚህ ቤት አንድ ሕግ አለ። ደንበኛ ፎቶ ተነሥቶ «ይሄንን ማንም እንዳያይብኝ» ካለ፣ አባቷ ኔጌቲቩን አጥቦ ካደረቀ በኋላ እዚያው ደንበኛው ፊት መቀስ ያነሣና አንዱን ጥግ ይቆርጠዋል። የተቆረጠችውን ቁራጭ ለባለቤቱ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ያንን ፎቶ ማሳተም የሚችለው ቁራጯን ይዞ የመጣ ሰው ብቻ ነው፤ ቁራጯ ከኔጌቲቩ ጋር ስትገጥም መታየት አለባት። ጥግ የተመረጠውም በምክንያት ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይን አይሠራም፣ የሚሠራው ጣት ነው። ጣት ጥግ ካጣ ይቆማል። በቤቱ ቋንቋ እነዚህ «ጥግ የለሾቹ» ይባላሉ።

ከጥግ የለሾቹ መካከል ለፍርድ ቤት ማስረጃ የተነሡ አሉ፤ ዓይናቸው ያበጠ፣ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ፣ አንገታቸው ላይ የሰው ጣት ምልክት የቀረ ሴቶች። ከቀዶ ጥገና በኋላ የተነሡም አሉ። ለምን እንደተደበቁ የማይታወቅ፣ ዝም ብለው ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎችም አሉ። አባቷ ምክንያት ጠይቆ አያውቅም። መቀሱን አባቷ በአደራ የሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ወንድም ጋሼ፣ ያውም ገና ጢም ሳያበቅል።

እነዚህን ስካን ማድረግ አባቷ መጀመሪያ አልፈለገም። «ይበስብሱ፤ ባለቤቶቻቸው ደስ ነው የሚላቸው» አለ። ያግባባው ወንድም ጋሼ ነው። «አባባ፣ ቁራጯን ይዞ ለመጣ ሰው የተበላ ፊልም ልታወጣለት ነው?» አለው። አባት ተሸነፈ። ግን አንድ ቃል አስገባቸው፤ ጥግ የለሾቹ በአንድ ፎልደር ለብቻቸው ይቀመጣሉ፣ ከዚህ ቤት ኮምፒውተርም አይወጡም። ሁለቱም ልጆች እሺ አሉ።

እና ዛሬ ጠዋት ሚጣ መሣሪያውን አውርዳ ጫነችው። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታ ስሙን ብትጽፍ ኮምፒውተሩ «አላውቀውም» አላት። ደግማ ጻፈች፤ አያውቀውም። ወንድም ጋሼ በስልክ ሳቀባትና «መስኮቱን ዘግተሽ ክፈቺው፤ ከመጫኑ በፊት የከፈትሽው ስለሆነ ገና አልሰማም» አላት። ዘግታ ከፈተች፤ ሰማ።

አባቷ ግድግዳውን እየዳሰሰ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሞራ ዓይኑን ከጋረደው ወዲህ ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የሚለየው።

«ምንድነው ይሄ ጥቁር ነገር?»

«መስኮት ነው አባባ። ትእዛዝ የሚጻፍበት።»

«ኮምፒውተሩም ጨለማ ክፍል ገባ በለኛ» አለ አባቷ፤ ደስ ብሎት ወደ ፊተኛው ክፍል ተመለሰ።

መሣሪያው ወደ ማከማቻው የሚያስገባውን ቁልፍ መለያ ጠየቃት። እሱን ወንድም ጋሼ በጽሑፍ ልኮላታል። ቀጥሎ የቁልፉን ምስጢር ጠየቃት፤ ይህን ግን በጽሑፍ አልልክም ብሎ በስልክ ፊደል በፊደል ነገራት።

«ትልቁ ኬ። ከዚያ ትንሿ ኤም። ሰባት።»

«ቀስ በል እንጂ።»

«አንቺ ነሽ ቀስ በል የምትይው? ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?»

«ኬው ትልቅ ነው ትንሽ?»

«ትልቅ፣ እንደ እኔ። ስሚ፣ ይሄን ቁልፍ ለማንም እንዳትሰጪ። ለአባባም ቢሆን።»

«አባባ የገዛ ስልኩን የሚከፍተው በእኔ ነው፤ በል ቀጥል።»

ከምስጢሩ በኋላ መሣሪያው ማከማቻው በየትኛው የዓለም ክፍል እንዳለ ጠየቀ፤ እሱንም ነገራት። መጨረሻ ላይ «መልሴን በምን ዓይነት ልስጥሽ» ሲላት ዝም ብላ አለፈችው። አንድ የሙከራ ፎቶ ልትልክ ስትል ደግሞ እምቢ አለ፤ የአሮጌው ኮምፒውተር ሰዓት ስቶ ባለፈው ዓመት ላይ ቆሞ ነበር። ማከማቻው ከባለፈው ዓመት ሰው ዕቃ አልቀበልም ማለቱ ነው። ሰዓቱን አስተካከለች። ፎቶው ሄደ። ሚጣ የቤት ቁልፍ የተሰጣት ያህል ተሰማት።

ከዚያ ወንድም ጋሼ መስመሩን ላከ። ረጅም ነበር። በአማርኛ ቢሆን እንዲህ እንደማለት ነው፦ ከዚህ ፎልደር ወደዚያ ማከማቻ ቅዳ፣ የጥግ የለሾቹን ፎልደር ተው፣ ሁሉንም ውሰድ። ሚጣ «ተው» የሚለውንና ከእሱ ቀጥሎ ያለውን የፎልደር ስም አየችና ልቧ አረፈ። የመጨረሻውን ቃል እንደ ደብዳቤ ማሳረጊያ ቆጠረችው፤ ሁሌም የሚጻፍ፣ ማንም የማያነበው። ለጠፈችው። አስጀመረችው። የፋይል ስሞች አንድ በአንድ ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ፤ ከእያንዳንዱ ፊት «ተጭኗል» የሚል ቃል አለ። ትንሽ አይታ ሰለቻትና ወደ ፊተኛው ክፍል ወጣች።

አባቷ ከጎረቤታቸው ከልብስ ሰፊዋ ከእትዬ ጋር ተቀምጦ ነበር። ሱቃቸው ከፎቶ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ የስፌት መኪናቸው ሲሠራ ይህኛው ክፍል ይንቀጠቀጣል። ክር የተጠመጠመበት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አባቷን ያበሽቁት ነበር።

«ያቺን የሠርግ ሥዕሌን አሳምረህ ብታነሣኝ ኖሮ ሌላ ባል ባገኘሁ» አሉ።

«መብራቱ ደህና ነበር። ፊትሽ ነው እምቢ ያለው።»

«ሚጣ፣ ስሚልኝ እስቲ ይህንን ሰውዬ። አለቀ ሥራሽ?»

«እየሄደ ነው እትዬ» አለች ሚጣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

እሳቸውን ስታናግር ድምጿን ዝቅ የምታደርገው የእሳቸውን ኔጌቲቭ ስካን ካደረገች ወዲህ ነው። የሠርጉን አይደለም፤ ሌላውን፣ ጥግ የሌለውን። ስካን የሚያደርግ ሰው ማየቱ አይቀርም። እሳቸውም ለምን ድምጿ እንደወረደ የገባቸው ይመስላል፤ ግን አንድ ቀንም አንሥተውባት አያውቁም።

ሚጣ ወደ ጓዳው ስትመለስ ስሞቹ አሁንም እየወጡ ነበር። ልትቀመጥ ስትል የፎልደሩን ስም አነበበች። አንድ መስመር ብቻ አልነበረም። ጥግ የለሾቹ ተሰልፈው እየሄዱ ነው፤ ተጭኗል፣ ተጭኗል፣ ተጭኗል።

አስቆመችው። በጣቷ ስሞቹን ወደ ላይ እየገፋች አየች። ከፎልደሩ የሚበልጠው ሄዷል። መጀመሪያ ያሰበችው እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ልሰርዘው። የመሰረዣውን ትእዛዝ ፈልጋ ጻፈች። «አልተፈቀደልሽም» አላት። ምን እንደገባ ልይ ብላ ዝርዝር ጠየቀች። አልተፈቀደልሽም። ጠዋት ራሷ የላከችውን የሙከራ ፎቶ መልሼ ላውርድ አለች። እሱም አልተፈቀደም።

ቁልፉን አሳስቼ ጽፌው ይሆናል ብላ አሰበች። ግን የተሳሳተ ቁልፍ ቢሆን ምንም ባልገባ ነበር። ይህ ቁልፍ ያስገባል፤ ከማስገባት በቀር ምንም አያደርግም። በሩ ላይ ቀዳዳ አለ፤ እጅሽን ሰድደሽ ዕቃ ትጥያለሽ፣ ውስጡን ግን ዓይንሽ አያይም።

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መመሪያውን ከፍታ አነበበች። ሁለት ነገር አገኘች። አንደኛው፣ መሣሪያው ደንቦቹን ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል፣ ሁለት ደንብ ሲጋጭ የኋለኛው ያሸንፋል። «ተው» መጀመሪያ ተጽፎ «ሁሉንም ውሰድ» በስተኋላ ከመጣ፣ «ተው» አልተባለም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ መሣሪያውን «እኔ ማን ነኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ጠየቀችው።

የእሷ ስም አልነበረም፤ የቤተሰቡም አልነበረም። ሰምታው የማታውቀው የአንድ ድርጅት ስም መጣ፣ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ፦ ጊዜያዊ ጫኝ ሁለት።

ደወለች።

«ጨረስሽ?» አለ ወንድም ጋሼ ገና ስልኩን እንዳነሣ።

«ጥግ የለሾቹ እየወጡ ነበር። አቁሜዋለሁ።»

«ለምን አቆምሽው?»

ሚጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «እንዴት ወጡ» ብሎ ቢደነግጥ ኖሮ ይቅር ልትለው ተዘጋጅታ ነበር። መስመር ማን የማይሳሳት አለ?

«የመስመሩን ጫፍ አውቀህ ነው የጻፍከው?»

«ሚጣዬ፣ መጀመሪያ ስሚኝ—»

«አዎ ወይስ አይደለም?»

«አዎ።»

ከዚያ ብዙ ተናገረ። ድርጅቱ ፊት የሚያጠና ማሽን እንደሚሠራ፣ የፎቶ ስብስቡ ኃላፊ አድርጎ ሊቀጥረው ቃል እንደገባለት፣ ይህን ዕድል ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው እንደኖረ። ጎዶሎ ስብስብ አንቀበልም እንዳሉት።

«ጎዶሎ መሆኑን ማን ነገራቸው?» አለች ሚጣ። «ከውጭ ሆኖ ጥግ የለሾች እንዳሉ የሚያውቅ ሰው የለም።»

ወንድም ጋሼ ድምፁን አለስልሶ፣ «የሚስቅ ፊት ሞልቷቸዋል» አላት። «የተጎዳ ፊት ነው ያጡት። ስም እኮ የለባቸውም ሚጣ። ማን መሆናቸውን ማን ያውቃል?»

«እትዬ እኮ እዚህ ተቀምጠው ከአባባ ጋር እየሳቁ ነው።»

«ለእሳቸው ምን ይጎዳቸዋል?»

«እሱን መጥተህ ጠይቃቸው። ለመሆኑ በቤተሰብ ስም የተከራየኸው ማከማቻ የታለ?»

«በኋላ ይዛወራል ብለውኛል።»

«እኔ ጊዜያዊ ጫኝ ሁለት ነኝ። አንድ ማን ነው?»

«እሱን ተይው፤ አሁን—»

«ወንድም ጋሼ። አንድ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ።

«የአንተ ቁልፍ ያስነብባል?»

«እስካሁን… ሲጠናቀቅ ሙሉውን እንሰጥሃለን ብለውኛል።»

ሚጣ ሳቋ መጣ፤ የደስታ አልነበረም። እሷን ያታለላት ሰው ራሱ በዚያው ቀዳዳ እጁን ሰድዶ ቆሟል። «ለአባባ እንዳትነግሪው» ሲላት ስልኩን ዘጋችው።

ወደ ጥቁሩ መስኮት ተመለሰች። ማየት አልተፈቀደም። ማውረድ አልተፈቀደም። መሰረዝ አልተፈቀደም። ማስገባት ግን ይቻላል። ታዲያ በአንድ ስም ሁለት ጊዜ ብታስገባስ? መመሪያውን እንደገና ከፈተችው፤ በዚህ ቀን በሕይወቷ ካነበበችው መመሪያ ሁሉ የበለጠ አነበበች። በተመሳሳይ ስም የገባ ፋይል የቀደመውን ተክቶ ይቀመጣል ይላል።

ከመደርደሪያው ላይ የፎቶ ወረቀት ሲታሸግበት የነበረውን ጥቁር መጠቅለያ አወረደች፤ ብርሃን የማያሳልፈውን። ስካነሩ ላይ አንጥፋ ክዳኑን ዘጋች። የወጣው ፎቶ ጥቁር ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። እሱን በእያንዳንዱ ጥግ የለሽ ስም አባዝታ በአዲስ ፎልደር አስቀመጠችው። መስመሩን ራሷ ጻፈች፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አነበበችው። ጊዜያዊ ጫኝ ሁለት ሥራዋን ጀመረች። ተጭኗል፣ ተጭኗል፣ ተጭኗል።

ግን መመሪያው ከዚያ በታች ሌላም ነገር ይላል፤ የማከማቻው ባለቤት ከፈለገ የቀደመውን ቅጂ ደብቆ ማቆየት ይችላል። አቆይቶት እንደሆነ የሚያሳይ ትእዛዝ አለ። ሞከረችው፤ አልተፈቀደም።

ይህን ጊዜ ስልኳ ላይ ከወንድም ጋሼ ጽሑፍ ገባ። «ጠይቄልሻለሁ። ስታቆሚው ያልተጠናቀቀውን ስብስብ በሙሉ ሰርዘውታል። አትጨነቂ።» ሚጣ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እውነት ሊሆን ይችላል። ትናንት ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር፤ ወንድም ጋሼ ካለ አለ ነው። አሁን ግን እሱ ራሱ የማያየውን ነገር ነው የሚምልላት። አይቶት ቢሆን እንኳ፣ ከዚህ በኋላ ነግሯት የምታምነው ነገር የለም። ወንድሟ የወሰደባት ፎቶውን ብቻ አልነበረም።

ወደ ፊተኛው ክፍል ወጣች። እትዬ ወደ ሱቃቸው ተመልሰው ግድግዳው በመኪናቸው ይንቀጠቀጣል። አባቷ ፊቱን ወደ ኮቴዋ አዞረ።

«አለቀ?»

«አባባ፣ ጥግ የለሾቹ ወጥተዋል።»

ነገረችው። ዙሪያ ጥምጥም አላለችም፤ አትችልበትምም። መስመሩን፣ ቁልፉን፣ ድርጅቱን፣ ጥቁሩን ወረቀት። አባቷ የወንድሟን ስም ስታነሣ አላቋረጣትም። ስትጨርስ ተነሣና ወደ ጓዳው ገባ። የጥግ የለሾቹን ሳጥን ያለ እርዳታ አወረደና ፖስታዎቹን እየከፈተ በጣቱ ዳሰሰ። የእትዬን የት እንዳስቀመጠው ጣቱ ያውቃል። አገኘው።

«አድርሺኝ» አላት። «ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ በሩ ላይ ሲያዩዋቸው መኪናውን አቆሙ። የተጀመረ እጅጌ መርፌው ሥር እንደተያዘ ቀረ። አባቷ ኔጌቲቩን በመዳፉ ይዞ ቆመና የሆነውን ነገራቸው፤ ሚጣ ከነገረችው ባጠረ ቃል። እትዬ መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ የመርፌ ቆርቆሯቸውን ከፈቱ፣ ከቁልፎችና ከመርፌዎች ሥር አንዲት የተጠቀለለች ጨርቅ አወጡ። ጨርቋ ውስጥ ቁራጯ ነበረች። ከአባቷ መዳፍ ላይ ኔጌቲቩን ወስደው አጋጠሙት። ገጠመ።

«ታዲያ ሌላው የት ነው ያለው?» አሉ ሚጣን።

«አላውቅም እትዬ።»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም የሚነግረን የለም።»

እትዬ ኔጌቲቩንና ቁራጯን አንድ ላይ ጠቅልለው ቆርቆሮው ውስጥ ከተቱና ክዳኑን ተጫኑት። «ይሄ እንግዲህ እኔ ጋ ይቅር» አሉ። አባቷን ግን አላዩትም፤ ሚጣን ነበር የሚያዩት። «ይህን ጥግ የቆረጠው ወንድምሽ ነው። ታውቂያለሽ? አባትሽ መቀሱን ሲሰጠው ፊቴን ማየት አቃተው። አይዞህ አንተ ልጅ፣ እኔ አላመመኝም አልኩት። ዋሽቼ አጽናናሁት፤ በዚያ ፊቴ።»

አባቷ የበሩን ጠርዝ ያዘ። የሚጣ ስልክ ኪሷ ውስጥ መጮህ ጀመረ። ማን እንደሆነ ሦስቱም አውቀዋል።

«አንሺው» አለ አባቷ።

«ምን ልበለው?»

«የሌሎቹ ቁራጭ ማን ጋ እንዳለ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ እሱ ነው። እኔ ቤት ለቤት ለመዞር ዓይን የለኝም። ይምጣና እያንኳኳ ይንገራቸው።» በሩን መታ መታ አድርጎ፣ «መጀመሪያ ከዚህ ቤት ይጀምር» አለ።

ሚጣ ስልኩን ከፍታ ድምፁን ከፍ አደረገችና ልብስ መስፊያው ጠረጴዛ ላይ፣ መቀሱ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ሄሎ ሚጣዬ» አለ ወንድም ጋሼ። «ጽሑፌ ደረሰሽ? አባባ አልሰማም አይደል?»

እትዬ ወንበራቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ።